ጸሐፊና አጽሐፊ

«ዶክተር፣ የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፍልኝ» ላሉኝ አንድ አዛውንት ቁርጥ ያለ መልስ ሳልሰጥ ሁለት ወር ያህል ቆየሁ። አዛውንቱ የሚኖሩት በጭሮ፣ የቀድሞ ስሟን ለለመደ ሰው ደግሞ በአሰበ ተፈሪ ነው። ስማቸውን መግለጥ የእርሳቸው እንጂ የእኔ መብት ስላልሆነ በዚህ ጽሑፍ ጋሼ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል። በደርግ ዘመን በጨርጨር ገጠሮች የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሂርና እየተዛወሩ አገልግለዋል። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው «አባባ፣ ያየኸውን ሳትጽፍ እንዳትቀር» ብላ ገንዘብ ልካለች። የቀረበልኝ ውል ግልጽ ነው፤ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የእርሳቸው ስም ብቻ ነው።

የመምህር ደመወዝ ምን ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ አንባቢ ማመንታቴ ሊደንቀው ይችላል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ደንቆኛል። ገንዘቡን በልቤ ሁለት ጊዜ አውጥቼ ጨርሼዋለሁ።

ነገሩ የሁለት ሰዎች የግል ጉዳይ ይመስላል፤ ለእኔ ግን አይደለም። ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የቀድሞ ባለሥልጣናት ማስታወሻ ገበያውን አጥለቅልቆታል። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ የፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» በየተራ ወጥተው በየተራ አከራክረውናል። እነዚህ በሌላ ሰው እጅ ተጻፉ እያልሁ አለመሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ። የምለው ሌላ ነው። «እገሌ ዋሸ፣ እገሌ ደበቀ» እያልን በይዘቱ እንከራከራለን እንጂ በአገራችን አንድ የሕይወት ታሪክ ሲታተም ዐረፍተ ነገሩ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላየሁም። ባለታሪኩ «እኔ እንዲህ አላልሁም፣ ጸሐፊው ያስገባው ነው» የሚል፣ ጸሐፊው ደግሞ «የነገረኝን ነው የጻፍሁት» የሚል ከሆነ፣ በመካከላቸው ለወደቀው ዐረፍተ ነገር ተጠያቂው ማን ነው?

ጋዜጠኛ ገነት አየለ በ1994 ዓ.ም. ያሳተመችውን የኮሎኔል መንግሥቱን ትዝታ ያነበበ ይህን ጥያቄ ማንሳት አያስፈልገውም። ጠያቂዋ ማን እንደሆነች፣ መላሹ ማን እንደሆነ ከሽፋኑ ጀምሮ ይታወቃል። ባለታሪኩ ሲሸሽ ሽሽቱ ይታያል፤ ጠያቂዋ ስታልፈው ማለፏ ይታያል። መጽሐፉን ይውደዱት ይጥሉት፣ ማን እንደሚናገርዎ ግን ያውቃሉ።

ይህ ለእኛ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን መጨረሻ ቅጠል የተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ስም ማግኘት ብርቅ አይሆንበትም። አንዱ ጸሐፊው ነው፤ ቆዳውን አለስልሶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ወገቡን አጉብጦ የጻፈው። ሁለተኛው አጽሐፊው ነው፤ ከፍሎ ያስጻፈው። ሁለቱም በስማቸው ጸሎት ይለመንላቸዋል። ነገሥታቱም ቢሆኑ ታሪካቸውን በሰው ነው ያስጻፉት፤ ነገር ግን የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ደብተራ ዘነብ፣ የዐፄ ምኒልክን ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደጻፉት ሁላችንም እናውቃለን። ለንጉሥ ያደላሉ? አዎን፣ ያደላሉ። አድልዎው ግን ባለቤት አለው። እንግዲህ አባቶቻችን ማስጻፍን አልተጸየፉም፤ ጸሐፊውን መሰወር ነው የእኛ ዘመን ፈጠራ።

የጭሮ ሰው ግን ስለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ፍለጋ ከቀዬው መራቅ የለበትም። ከተማይቱን የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፍ ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ ጨርጨርንም ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ የደከሙ ሰው ነበሩ። «ፋቡላ» የተባለው፣ በዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚጠቀሰው ተውኔት የእርሳቸው ነው። ጣሊያን ሊወረን በተነሣ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው።

እኒህ ሰው ለሌላ ሰውም ጽፈዋል፣ ለራሳቸውም ጽፈዋል። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት የጃፓንን ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገው ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ ሰነዱ ግን የወጣው ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ተብሎ ነው። በዚህ ማንም አልተታለለም። ከንጉሥ የሚጠበቀው አንቀጽ መደርደር ሳይሆን ማኅተሙን አሳርፎ መጠየቅ ነው። የገዛ ሕይወታቸውን ለመተረክ ሲነሡ ግን ብዕሩን ለሌላ አልሰጡም። ከስደት፣ እስከ ማዳጋስካር ከዘለቀው ስደት፣ ተመልሰው በሂርና እርሻቸው የኖሩት ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ «ኦቶባዮግራፊ» ያሉት የሕይወት ታሪካቸው ገና አልታተመም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ለንባብ ያበቃው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ትሕትና የሚፈልግ አንባቢ ያንን መጽሐፍ ባይከፍት ይሻለዋል። ሰውዬው ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የላቸውም፤ የማይወዱትንም ሰው አይምሩም። የተቀጠረ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ያለዝበው ነበር፤ እዚህ ጋ አንድ «ምናልባት»፣ እዚያ ጋ አንድ «ትሑት አስተያየቴ» ይጨምርበት ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፉ ይሸጥ ይሆናል፤ እኛ ግን ተክለ ሐዋርያትን አናውቃቸውም ነበር።

በዚሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዐስብ በግእዝ ዋጋ፣ ደመወዝ፣ የሥራ ብድራት ማለት ነው። ስለ ቅጥር ብዕር እንድወስን የተጠየቅሁባት ከተማ ስሟ ራሱ «የተፈሪ ዋጋ» መሆኑን ሳስብ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ከዚህ በላይ ከመሄዴ በፊት ስለ ራሴ መናገር ይገባኛል፤ አለዚያ ይህ ሁሉ ግብዝነት ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የቤት ኪራይ ሦስት ወር ተጠራቀመብኝ። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ በማታው መርሐ ግብር ከሚማር አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋር አገናኘኝ። የኃላፊውን የመመረቂያ ጽሑፍ በአራት ሺህ ብር ጻፍሁለት፤ ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው። ለባለቤቱና ለልጆቹ ያቀረበውን ምስጋና ሳይቀር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቹን አይቻቸው አላውቅም። መጠይቁን ማን ሞላው ብላችሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ሰውዬው ተመረቀ፣ ዕድገትም አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ትምህርት ጥራት በቴሌቪዥን ሲናገር አየሁት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ባለቤቴ «ምን አሳቀህ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ፈታኝ ሆኜ እቀመጣለሁ። ያልጻፈውን የሚከላከል ተማሪ ይታወቃል። «ይህን ቃል ለምን መረጥህ?» ስትለው ዓይኑ ወደ አማካሪው ይሸሻል። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባለ ግንብና የመብራት ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ያላየ የለም። ዛሬ ደግሞ ያም ንግድ እየከሰረ ነው፤ ተማሪው ስልኩን ከፍቶ ቻትጂፒቲን ያዝዛል፣ በነጻ ይጻፍለታል። እኔ በሦስት ወር ኪራይ የሸጥሁት ነገር ዋጋው ዜሮ ገብቷል። ልወቅሳቸው ስነሣ ያ የምስጋና ገጽ ትዝ ይለኛል።

ወደ ሐረርጌ ልመለስ። ከጭሮ በስተምሥራቅ፣ ተክለ ሐዋርያት ባስተዳደሯት በጅጅጋ የተወለደው ነጋ መዝለቂያ በካናዳ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያሳተመው የልጅነት ትዝታ፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከጅቡ ሆድ የተጻፉ ማስታወሻዎች» የሚለው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ታላቅ የጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ከመታወጁ ብዙም ሳይቆይ አን ስቶን የተባለች ካናዳዊት ጸሐፊ «የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች። እርሱ ደግሞ ሥራዋ የቋንቋ አርትዖት ብቻ እንደነበረ ተናግሮ ስሜን አጠፋች በማለት ነገሩን ወደ ሕግ ወሰደው። ማን እውነት እንደተናገረ ለመፍረድ ማስረጃው የለኝም፤ ልፈርድም አልፈልግም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ስለ ጅጅጋ፣ ስለ ቀይ ሽብር፣ ስለ ሶማሊያ ወረራ የዓለም አንባቢ ሊነጋገር የሚችልበት ያ ሰሞን፣ ወሬው ሁሉ ዐረፍተ ነገሩ የማን ነው ወደሚል ክርክር ዞረ። የሁለቱ ሰዎች ድርሻ ከመጀመሪያው በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ለዚያ ክርክር ቦታ አይገኝም ነበር። ዋሪስ ዲሪ የተባለችው ሶማሊያዊት «የበረሃ አበባ» በተባለው መጽሐፏ ይህን አድርጋለች፤ ካትሊን ሚለር አብራት እንደጻፈች ሽፋኑ ላይ ሰፍሯል። ማንም ታሪኩ የዋሪስ አይደለም አላለም።

በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ያሸነፈው ጄኔራል ግራንት ከስሮ፣ በጉሮሮ ካንሰር እየሞተ በ1885 እ.ኤ.አ. ትዝታውን ሲጽፍ የሚረዳው የቀድሞ ባልደረባው ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቀው፣ እንዲያ ከሆነ መጽሐፉ የእኔ መሆኑ ይቀራል በሚል አሰናብቶታል። ጨርሶት በቀናት ውስጥ ሞተ።

«ታዲያ መጻፍ የማይችል ሰው ታሪክ የለውም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በየከተማው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ የማያውቅ የለም። ከዶባ ወይም ከመኢሶ ገጠር የመጣ ገበሬ ችግሩን በቃል ይነግረዋል፤ እርሱ በሕግ ቋንቋ ያሰፍርለታል። ይህን ነውር የሚል ሰው ፊደል ቆጥሮ ያልተቸገረ ብቻ ነው። ሆኖም የሕጉን ብልሃት ልብ በሉ። በአማርኛ የሚጻፉት የክስ አቤቱታዎች መጨረሻ ላይ «በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር አለ። የሚያረጋግጠው ራፖር ጸሐፊው አይደለም፤ ባለጉዳዩ ነው። እጁ የሌላ ቢሆንም ቃሉን የሚሸከመው ታውቋል። የቅጂ መብት አዋጁም፣ ቁጥር 410/1996፣ ለሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ስሙ እንዳይገለጥ የመፈለግ መብትም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ በስውር ብጽፍ ሕግ የሚከለክለኝ አይመስለኝም። ችግሬ ከሕጉ ጋር አይደለም።

ጋሼ ደግሞ መጻፍ የማይችሉ ሰው አይደሉም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። «ለምን ራስዎ አይጽፉትም?» ብላቸው «እኔ የማውቀው የቃለ ጉባዔ አማርኛ ነው» አሉኝ። በሐረርጌ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ከወረዳ ወረዳ እየዞሩ የገበሬ ማኅበራትን ስብሰባ ቃለ ጉባዔ ይይዙ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። ገበሬው በኦሮምኛ ይናገራል፤ እርሳቸው በአማርኛ ያሰፍራሉ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማማ»። ተስማምቶ ነበር ወይ አልኋቸው። ዝም አሉ፤ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ፤ ስለ ቡናው ዋጋ መናገር ጀመሩ።

ያን ቀን ገባኝ። ጋሼም እንደ እኔ በሌላ ሰው ስም የጻፉ ሰው ነበሩ። እኔ የጻፍሁት በአንድ ኃላፊ ስም ነው፤ እርሳቸው የጻፉት በአንድ መንደር ሕዝብ ስም ነው። አሁን ደግሞ ስለዚያ ዘመን ሌላ ሰው በእርሳቸው ስም እንዲጽፍ ይፈልጋሉ።

መቼም ገንዘቡን አልረሳሁትምና ለሙከራ አንድ ክፍል ለመጻፍ ተስማማሁ። የነገሩኝን በስልኬ ቀድቼ አራት ገጽ ጻፍሁ። አነበብሁላቸው። «ግሩም ነው» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም «እኔን ግን አልመሰለም» አሉ። እኔ በውስጤ ቅር አለኝ፤ የጸሐፊ ኩራት ነው። ከዚያ ያንኑ ቀን ራስዎ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ላይ ይጻፉት፣ እናስተያየው ብዬ ተለየኋቸው።

በሳምንቱ ስመለስ ሁለት ገጽ ተኩል ጽፈዋል። የእኔ ጽሑፍ «በዚያች ዳመናማ ማለዳ ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ፈረሱ» ይላል። ዳመናውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ስለ ሰማዩ ምንም አላሉኝም ነበር። በእርሳቸው ደብተር ላይ ደግሞ በዚያው ቦታ «ጎጆዎቹ ፈረሱ» የሚል ተጽፎ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከላዩ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «አፈረስናቸው» ይላል። ቀጥሎም፦ «ቃለ ጉባዔውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሴትዮ ምሰሶውን ይዛ አለቅም ብላ ነበር። እርሷ ስትቀር ብዬ አልጻፍሁም።»

እኔ ይህን ዐረፍተ ነገር አልጽፈውም ነበር። ብችልም አልጽፈውም ነበር፤ ምክንያቱም አልነገሩኝም። በቃል ሲያወሩኝ «ፈረሱ» ነው ያሉት፤ ሰው ለሰው ሲያወራ የሚለው እንደዚያ ነው፤ አድማጩም ይሉኝታ ይዞት ማን አፈረሰ አይልም። ብቻቸውን ከወረቀቱ ጋር ሲቀመጡ ግን ቃሉ መልሶ አያቸው። የእኔን ብዕር ቢከራዩ ኖሮ ያቺ ሴትዮ ለሁለተኛ ጊዜ ከቃለ ጉባዔ ትወጣ ነበር።

ያን ዘመን የሚያውቁ እንደሚያስታውሱት፣ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ቁጥጥሩ ሲላላ በመንደር የተሰበሰበው ሕዝብ ብዙው ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመልሷል። «በሙሉ ድምፅ ተስማማ» የሚሉት መዛግብት ግን የት እንደደረሱ ጋሼም አያውቁም። አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ ቢያገኛቸው እንደ ማስረጃ ይጠቅሳቸዋል። ከእርሳቸው ደብተር በቀር የሚቃወማቸው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ገንዘቡን አልተቀበልሁም። ጋሼ ተቆጡኝ፤ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም ደክሟል፣ አንተ ደግሞ ፍልስፍና ትነግረኛለህ» አሉኝ። እውነት አላቸው። ብዙ ተነጋግረን አሁን የያዝነው መንገድ ይህ ነው። ጠዋት ጠዋት እጃቸው የፈቀደውን ያህል ይጽፋሉ። ሲደክማቸው ለልጅ ልጃቸው ይናገራሉ፤ እርሱ ቃል በቃል ይጽፋል። ገበሬዎቹ የተናገሩት በጆሯቸው የቀረው በኦሮምኛ ስለሆነ መጀመሪያ በኦሮምኛው፣ ከሥሩ በአማርኛ ይሰፍራል፤ ይህንን የልጅ ልጃቸው ከእኔም ከእርሳቸውም የተሻለ ያውቅበታል፣ በቁቤ የተማረ ነውና። የእኔ ሥራ ማንበብ፣ ፊደል ማቃናት፣ በኅዳጉ ላይ «ማን?»፣ «መቼ?» እያሉ መጠየቅ ነው፤ ዳመና መጨመር ክልክል ነው። በመጽሐፉ ውስጠኛ ገጽ ላይ የልጁም የእኔም ስም ከነሥራ ድርሻችን ይወጣል። ልጃቸው የላከችው ገንዘብ ለታይፕና ለማተሚያ ቤት ይቆያል።

መጽሐፉ እንደ እኔ አራት ገጽ አያምርም። አንዳንዱ አንቀጽ እስካሁን «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ብሎ ይጀምራል። አልነካሁትም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወሉልኝ። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ደርሰዋል። በዚያ ዘመቻ አብረዋቸው የነበሩ፣ ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ አንዳንዶቹም ጎረቤቶቻቸው የሆኑ ሰዎች አሉ። «ስማቸውን ልጻፍ ወይስ ልተው? እርሱን እንኳ አንተ ወስንልኝ፣ ዶክተር» አሉኝ። የራሳቸውን ስም የጻፉ ሰው የሌሎቹን መጻፍ መብታቸው ነው ልል ከጀለኝ፤ ግን ጎረቤታቸው እኔ አይደለሁም፤ ማታ በሰላም የሚያድሩትም እዚያው ጭሮ ነው። «እርሱንም እርስዎ ነዎት የሚወስኑት፣ ጋሼ» አልኋቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ለፋሲካ መጥቼ አብረን እናየዋለን ብዬ ተሰናበትኋቸው።

ቸር እንሰንብት።